አሥራ ሁለት ሰዓት

ከሌዋርደን ወርኩም፣
ሳልነዳ ተነድቼ፣ ባስ ተሳፍሬ፣
ዕረፍት በወጣሁበት ቀን
ነፋስ ልማር መጣሁ ዛሬ።

አስተማሪዬ ሲትስከ፣
አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፤
"ትሪንጎ" ትለኛለች፣
ትርንጎ መባሌ አፏ ውስጥ ጎምዘዝ ብሎ እየተለወጠ።

ውኃው እዚያ ነው፤ እኛ ግን ሣር ላይ ቆመን
ባንዲራው ወዴት እንደሚያይ እናያለን፤
አራት ገመድ ዘርግተን አንድ በአንድ ቋጠሮ እንፈታለን።
"ከሐይቁ ወደ ዳር፣ ወይ በአግድም ሲነፍስ እንገባለን፤
ከየብስ ወደ ሐይቅ ከሆነ ግን
ሻያችንን ጠጥተን ወደየቤታችን እንሄዳለን።
የሚወስድሽ እንጂ የሚመልስሽ የለም" አለች፣
ሄልሜቴን አገጬ ሥር ሳብ አድርጋ እያጠበቀች።

ወገቤ ፊት ቀይ እጀታ አለ፤
"ስትጨነቂ ግፊው" አለችኝ፤
ዓይኔን አስጨፍና አሥር ጊዜ አስገፋችኝ፤
አሥር ጊዜ መልሼ ገጠምሁ፣
እንደ ፊደል ተማሪ ደገምሁ።

ከዚያ ወደ ሐይቁ፣ ጭቃው ተረከዝ ወደሚልስበት።
"ሰማዩ ሰዓት ነው፤ ካይቱ ደግሞ ቆጣሪ፤
አሥራ ሁለት ላይ ሲቆም ይረጋል፤ እዚያ አቁሚው፣ አትፍሪ።"

አሥራ ሁለት?
እኔ የማውቀው አሥራ ሁለት
ፀሐይ ከምድር ጠርዝ ብቅ የምትልበት፣
ወይ ደክሟት የምትጠልቅበት፣
ዶሮ ቆጥ የሚወጣበት።
አናት ላይማ ስድስት ነው!
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፈረንጅ ሰዓት ስነዳ
አንድ ፌርማታ ያልዘለልሁ፣
ነፋስ ሲይዘኝ የእናቴን ሰዓት ቆጠርሁ፤
ካይቱን ቁልቁል፣ ወደ አድማሱ፣ በነፋሱ መሀል ሰደድሁ።

አይ ጉልበት!
አሥራ ስምንት ሜትር ባስ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን ሲበጠስበት!
ቀኝ እግሬ ውኃ ውስጥ ፔዳል ፈለገ፤
ዘንጉን ወደ ደረቴ በሳብሁት ቁጥር ጉተታው ይብሱን አደገ።
አፌ ሐይቅ ሞላ፣ ጨው የሌለው፣ የሣር ጣዕም ያለው፤
የግድቡ ድንጋይ እየቀረበኝ ነው።
ከኋላ ድምፅ፦ "ልቀቂው!"

መልቀቅ? ማን አስተምሮኝ!
"የያዝሽውን አጥብቂ" ነው ስንቄ፤
መሪውን፣ ደረሰኙን፣ ቂሜን እንኳ አጥብቄ፣
እዚህ የደረስሁት ጨብጬ፣ ተናንቄ።
እጄ ግን አሥር ጊዜ ተገርቷል፤
እኔን ሳያማክር ቀዩን ገፍቷል።

ካይቱ ነፍሱ ወጣ፤
እንደ ታጠበ አንሶላ ውኃው ላይ ተዘረጋ።
ቆምሁ።
ወገቤ ድረስ ነው ለካ!

ሲትስከ እየተንቦጫረቀች ደረሰች፤ አልተቆጣችም፤
"አሥራ ሁለት እያልሁሽ?" አለች፤ ነገሩ አልገባትም።
በጣቴ ሰማዩ ላይ የኛን ቀን ነደፍሁላት፤
የምንነሣበትን፣ የምንከተትበትን፣ ቀትሩን አሳየኋት።
ሳቀች፤ እስክታነጥስ።

ከዚያ ወዲያ "ስድስት!" ነው ጩኸቷ፣ "ትሪንጎ፣ ስድስት!"
ካይቴ አናቴ ላይ ጸጥ ይላል፤
ከወዲያ ግራ የገባው አንድ ጀማሪ
ቁልቁል ውኃውን ያያል።