አምስት ሠላሳ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ፣
የሰው መኪና ዘይት ጥቁሩን ቀድቼ፣
ሱቅ ከፈትኩ ቤርሼባ፣ ስሜ በር ላይ ሰፍሮ፤
ዕዳዬም ከጎኔ፣ ከጣሳው ጋር ተደርድሮ።
ቀይ፣ አረንጓዴው ኩላንት መስኮቱን ሲሞላ፣
"የልደት ጭማቂ፣ ልጅ የማይቀምሰው!"
አለች ይታይሽ፣ ከት ብላ።

ሦስት ቀን፣ ዝንብ ብቻ።

በአራተኛው፣ ቀትር ላይ፣ አስፋልቱ ሲያጣብቅ፣
አንድ ታክሲ መጣ፣ ኮፈኑ ሥር ሲንፈቀፈቅ።
"ውኃ ስጠኝ" አለ ሳሶን፣ ላቡን እየጠረገ።
"ውኃማ በነፃ ነው፤ ስንቱን ሞተር ግን አዛገ።
አስቀድሞ ይብረድ፤ ክዳኑን አትንካው፤
በንዴቱ ሰዓት የከፈቱት ነገር
ፊት ነው የሚልጠው።"

የዘይት ጣሳ ላይ ቁጭ አልን። አየና ቁጥሩን፣
"አምስት ሠላሳ ምንድነው?" አስረዳሁት ምሥጢሩን፦
"አምስቱ ለብርድ ነው፣ ሠላሳው ለሙቀት፤
ብርድ ያላረጋው፣ ሐሩር ያላሳሳው፣
እርሱ ነው ዘይት።"

"እኔ እንኳ..." አለና ተወው።
ሞተሩ እስኪበርድ ዝም አልን።

አንድ ጋሎን ሸጥኩ። ሠላሳ ስምንት ሼቄል።
ይታይሽ ማታ ደብተር ላይ አሰፈረች፣ ሁለቴ አሰመረች፤
ኪራዩን ግን ከጀርባው ገጽ፣
እንዳላይባት ጻፈች።