ማጅራት ወይስ ፊት

«እስከ ሰኞ አስብና ቁርጥህን ንገረኝ»
ብሎ አቶ እንዳልካቸው ሁለት ወረቀት ሰጠኝ።
አንደኛው «አሰልጣኝ» ይላል፣ ሌላኛው «ካሜራ»፤
ሁለቱም መውደቅ ነው፣ ሁለቱም እንጀራ።

ቅዳሜ ነው ዛሬ። የደብረ ብርሃን ውርጭ
ካውሮፕላኗ ክንፍ ላይ ተጋግሯል ነጭ በነጭ።
ዘበኛው ቦጋለ በመጥረጊያ እየፋቀ፣
«መሬት ምን በደላችሁ?» ይለኛል እየሳቀ።

አሰልጣኝ ስትሆን ሰው ደረትህ ላይ ታስራለህ፤
አራቱን ማንጠልጠያ ሁለቴ ትነካለህ፣
ሦስተኛ ትነካለህ፣ ባታምነው ነው እጅህን።
በሩ ሲከፈት፣ ነፋስ ሲቀማ ትንፋሽህን፣
የምታየው ሁሉ አንድ ማጅራት ብቻ፣
ላብ ያራሰው ፀጉር፣ የጆሮ ዳርቻ።
ፊቱን አታውቀውም፤ ይሳቅም ያልቅስም፣
የጎድን አጥንቱ ነው ሚነግርህ፣ ሌላ የለም።

ካሜራ ከያዝክ ግን ቀድመህ ትወጣለህ፣
ከክንፏ ብረት ላይ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥለህ።
እጅህ ነፃ፣ ደረትህ ባዶ፣ የማንም ልጅ የለብህ፣
ብትቀርም ብቻህን፣ ብትተርፍም ብቻህን።
ፊት ለፊት ትወድቃለህ፣ ፊት ታጭዳለህ፦
ጉንጩ እንደ ድንኳን ጨርቅ የተርገፈገፈ፣
ከንፈሩ የሸሸ፣ ዓይኑ የተገረፈ።
በዝላይ ሦስት መቶ ብር ይበልጣል ደግሞ፤
ቪዲዮው ይሸጣላ! ሰው ይወዳል መልኩን፣
ለጎረቤት ሊያሳይ ሰማይ ላይ መዋሉን።

እታገኝ ትናንት ማታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ፣
«ካሜራውን ያዝ» አለች፣ «አትግባ በሰው ዕዳ።
ጃንጥላው ቢጠላለፍ የሰው ልጅ ታቅፈህ፣
በማን ድንኳን ልቀመጥ፣ ባንተ ወይስ በሱ?»
ሳቅኩ።
አልሳቀችም።

የዛሬ ሳምንት ግን ወይዘሮ ሽታዬ መጡ፣
ከሞላሌ በጨለማ አውቶቡስ የወጡ፤
ጡረተኛ ግብር ሰብሳቢ፣ ዕድሜ ስድሳ ሁለት፣
ብሩን በመሀረብ፣ ነጠላቸውን በፌስታል ቋጥረውት።
«ምነው እማማ፣ በዚህ ዕድሜ?» አልናቸው።
«ከፍያለሁ» አሉ። «ደረሰኝ ቁረጡ።»

ከአሰግደው ደረት ታሰሩ። ካሜራው እኔ ነበርኩ።
ከኋላቸው ጣርማ በር፣ ምድር እንደ ጨርቅ ተቀዶ፣
ጉሙ ከቆላ ሲወጣ እንደ ጥጥ ተባዝቶ፣
ከጉሙ ማዶ ዓፋር፣ ቢጫ፣ ጫፍ የሌለው።
እሳቸው ይሄን ሁሉ አላዩም።
ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።
ጩኸት አይደለም፣ ቃል ነው።
ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ያንኑ ቃል።

ማታ ቪዲዮውን ሰባት ጊዜ መለስኩት፤
ድምፁ ነፋስ ብቻ ነው፣ ከፍ አደረግኩት፣ ዝቅ አደረግኩት።
ስም ይመስላል። የወንድ ስም።
ወይም «ይበቃኛል»። ወይም ምንም።
«ጆሮህ ሥር ነበሩ» አልኩት አሰግደውን፣ «ምን አሉ?»
የጫማውን ክር ፈታ፣ መልሶ አሰረ።
«ላንተ ቢሆን ወዳንተ ይጮሁ ነበር» ብሎኝ ቀረ።

ሦስት መቶ ብር ብዙ ነው፣ የቤት ኪራይ አለ።
እታገኝም እውነቷን ነው፣ የምመልስላት የለኝም።
ግን ከዚያች ማታ ወዲህ
ዓይኔ ጠግቦ ሲያድር
ጆሮዬ እንደ ለማኝ ደጅ ይጠናል።
ፊት ባላይስ?
ማጅራት ይዤ፣ የሚባለውን ሰምቼ፣
የገብስ ቃርሚያው ላይ ስናርፍ
እንዳልሰማ ሰው ማንጠልጠያውን ብፈታ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
«እንኳን ደህና ገባን» ብዬ ዝም ብል?

«አሰልጣኝ» ካለው ጎን ስሜን ልጽፍ ጀመርኩ።
እስክሪብቶው በብርድ እምቢ አለ፤
ተነፈስኩበትና እንደገና ጻፍኩ።

ቀና ስል ጉሙ ገደሉን ወጥቶ ሜዳውን ዘግቶታል።
ክንፏ አይታይም፣ በሬሳ አይታይም።
ቦጋለ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ፣
«እሰይ!» አለ፣
«ዛሬስ እንደ ሰው መሬት ላይ ዋላችሁ።»