ተቀምጧል

መቀስ አለች ትንሽ፣ ጥፍር ታህላለች፣
ከማሰሻው ጥግ ላይ በስተቀኝ ታርፋለች፤
ገጹን ከፍቼ ስነካት ቆርጣ ታመጣለች፣
ከማስታወሻዬ ወስዳ ትለጥፋለች።
ውላችን ይኸው ነበር።

አሁን ግን ሦስት ሳምንት፣
በነካኋት ቁጥር «ተቀምጧል» ትለኛለች፤
የት እንደተቀመጠ አትናገርም።
ማስታወሻዬን እከፍታለሁ፤
ካለፈው ወር የአስቤዛ ዝርዝር በቀር፣ ባዶ።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው፣ አፉላ ሆስፒታል፤
ሐኪሙ በዕብራይስጥ አንዱን ቃል ይጥላል፣
እኔ መሀል ቆሜ ሳይወድቅ እቀልባለሁ፣
ለታማሚው ጆሮ ባማርኛ አቀብላለሁ።
የማይቀለብም አለ።
አባ ዋሴን «ሐሞትዎ ይወጣል» ብላቸው
ካልጋው ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ፦
«ሐሞት የሌለውን ሰው ምን ብለው ሊጠሩት ነው?
ያን ሁሉ በረሃ በምኔ ያለፍሁት ይመስልሻል?»
ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ
ጊቭዓት ሃሞሬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቅሁ፣
ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ቱቦው
ከየገጹ ቃል እለቅማለሁ።
መቀሷም «ተቀምጧል»።

ኢታማር፣ የወንድሜ ልጅ፣ ከዘብ ተራው ላይ ሆኖ
በስልክ ይመራኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«ዝጊና ክፈቺ።» ዘጋሁ፣ ከፈትሁ።
«ኩኪዎቹን አጥፊ።» አጠፋሁ፤
ባንኩም ክሊኒኩም ረሱኝ፣ እንደ አዲስ ማን ነሽ አሉኝ።
«የማስታወቂያ ማገጃውን አንሺው።» አነሣሁት፤
የሶፋና የጥርስ ገበያ ባንዴ ፈሰሰብኝ።
«ነቅለሽ እንደገና ትከያት።» ነቀልሁ፣ ተከልሁ፤
ውሃ ማጠጣት ብቻ ቀረኝ።
ስሙንም ይለፍ ቃሉንም ማሰሻው ራሱ ሞላው፣
እኔ አላየሁትም።
«ተቀምጧል።»
ባዶ።

«ምናልባት» አለ «ዕብራይስጡ ከቀኝ፣ አማርኛው ከግራ ሲመጣ
መሀል ላይ ተጋጭተው ይሆናል።»
ሳቅሁ። እሱ አልቀለደም።

ዝም አለ። የሚጠብቀው አጥር ሲንቋቋ ይሰማኛል።
«አክስቴ፣ በየትኛው ስም ነው የገባሽው?»

ከጥጉ፣ በክብ ውስጥ፣ አንዲት ፊደል፤
ሳሜኽ።
ሲጋሊት።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ከአውሮፕላን በወረድን በሦስተኛው ቀን
አንዲት አስተማሪ፣ በደግነት፣ ደብተሬ ላይ የጻፈችልኝ።
ከደመወዝ ወረቀት በቀር መኖሪያ የላትም፣
አዲሱን የሥራ ቅጽ ግን በሷ ስም ሞልቻለሁ፤
ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።
በሯን ከፈትሁ።

ሁሉም አለ።
ሁለት መቶ አሥራ አራት ቁራጭ፣
ጣፊያው፣ ቆሽቱ፣ ጉበቱ፣ ከነሰዓቱ፣
የኔን የጠፋ ሁሉ ስትለቅም ሰንብታለች፣
ሳትጠራ፣ ሳትጠየቅ፣ አስቀምጣለች።

«ሁለቱን አንድ አድርጊያቸው» ይላል ኢታማር፣
«ከዚያ አንዷን ሰርዣት።»
መተግበሪያው አማርኛ ይሞክራል፣ ይጠይቀኛል፦
«ከመሰረዝ በፊት ምትኬ ይኑር?»

ምትኬ።
እናቴ ከኔ በፊት የቀበረችው ልጅ ነበር፤
በሱ ፈንታ መጣሁ፣ ምትኬ አለችኝ።
ያቺ አስተማሪ ያልቻለችውን ስም
ማሽን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው፣
እኔን መሆኑንም አያውቅ።
«ይኑር» አልሁ።
መሰረዙን ተውሁት። ኢታማርም ተራው አልቆ ዘጋ።

ነገ በሦስት ሰዓት አባ ዋሴ ቀጠሮ አላቸው።
ሲጋሊት ከለቀመችው መቶ ሰባተኛውን አነብላቸዋለሁ፦
ሐሞቱን የሚሠራው ጉበት ነው፣ አባ፤
ከረጢቱ ማስቀመጫ ብቻ ነው።