ከሦስት እስከ ስድስት

ሰሌዳውን የጻፍሁት ራሴ ነኝ፥ አልክድም፤
እጄ ደኅና ይጽፋል፥ ሐሳቤ አይቀድም።
ትርሲት ቤቱን ከከፈተች ገና ሁለት ሳምንት፥
የኤድመንተን ብርድ ዘልቆ ሲገባ እስከ አጥንት፥
በግራ ጎማ ቤት፥ በቀኝ ልብስ ማጠቢያ፥
መሃል ላይ የኛ በር፥ የንፋስ መግቢያ፤
ቀን ሙሉ ተቀምጠን ባዶ ወንበር ስንቆጥር፥
ከቧንቧው ጠብታ ጋር ሰዓቱ ሲንቆረቆር፥
"አካፋውን ተወው፤ ጠመኔ ያዝ" አለች፤
"ሰው የሚጠራ ጻፍ" ብላ ወጥታ ሄደች።

ጻፍሁ፦

    የደስታ ሰዓት
    ከሦስት እስከ ስድስት
    ድራፍት በግማሽ ዋጋ
    ጥብስ ለሁለት ሰው፥ በአንድ ሰው ሒሳብ

እንግሊዝኛው ቀረ፤ ቦታ አልበቃኝም፤
ጥብሱን አግዝፌ ስጽፍ አልታወቀኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ሽንኩርት ልከትፍ ገብቼ፥
ዓይኔ እያነባ ሬዲዮ ከፍቼ፥
መስታወቱ ተንኳኳ። ውጭው ሠላሳ አንድ
ከዜሮ በታች ነው፥ ትንፋሽ የሚያግድ።
ጋሽ ደባልቄ ናቸው፤ ጢማቸው በረዶ፥
መለያ ካርዳቸው ከኮታቸው ወርዶ፥
ሌሊቱን ሲያጣጥፉ የሆስፒታል አንሶላ፥
እንቅልፍ ሲያሰናዱ አድረው ለሌላ።
በሩን ገርበብ አድርጌ "ዝግ ነው" አልኋቸው፤
ሰሌዳው ላይ አረፈ ባለጓንት ጣታቸው።

"አንብብልኝ እስቲ።"
            "ከሦስት እስከ ስድስት።"
"አሁንስ ስንት ነው?"
            "ከጠዋቱ ዘጠኝ።"

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ሰዓታቸው ታየ፤
አጭሩ ሦስትን ነክቷል፥ ረጅሙም አልዘገየ።
"ናፍቆት እንዳይመስልህ፤ ስንፍና ነው፥ ልጄ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባትሪ ሲቀይር እጄ፥
ቁጥሩን አልነካሁም። አሁን ወደ ነገር፦
ይህ 'ሦስት' ያልኸው ቃል የምን ቋንቋ ነበር?
በአማርኛ ጽፈህ በእንግሊዝኛ ካሰብህ፥
ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ቅዳ እንግዲህ፥ እባክህ።"

ስልክ ደወልሁ። ትርሲት ከእንቅልፏ ተነሥታ
ነገሩን አስደገመችኝ፤ ዝም አለች ለአፍታ።
"ስንት ሰው ነው?" "አንድ።" "ከኋላ ደግሞ እይ።"
አየሁ፤ አንድ ታክሲ፥ መብራቱ ጠፍቶ ከላይ፥
ሹፌሩ ሲወርድ፤ ከዳቦ ቤቱም መንገድ
ዘቢደር፥ ዱቄት በቅንድቧ፥ በበረዶው ስትራመድ።
ለካስ ምሽታቸው በጠዋት የሚመጣ፥
ስንቱ ነው ከፈረቃ ደክሞ የሚወጣ!
እኛ ከቀትር ወዲያ ደጅ ደጁን ስናይ፥
እነሱ ተኝተው ነው፥ መጋረጃ ጥለው ከፀሐይ።

ቀዳሁ። ጋሽ ደባልቄ አረፋውን አዩት፤
ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን መዘኑት።
"ደስታ በግማሽ ዋጋ..." አሉ፤ "ጥሩ ብለሃል፤
ሙሉውን ግን እስቲ፥ ከፍሎት ማን ያውቃል?"
ታክሲ ነጂው ሳቀ። ዘቢደር አልሳቀችም፤
ጫማዋን አወለቀች፤ ሁለተኛ አላዘዘችም።

ሲወጡ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ተቆጥሮ
የብርጭቆው ግማሽ ዋጋ አለ ተደርድሮ፤
ከጎኑ ሌላ ግማሽ፥ "ለልጁ ጉርሻ" ብለው።
ደመርሁት፤ ሙሉ ሆነ። ታዲያ ክርክሩ ለምን ነው?
ሮጬ ደረስኋቸው። "ለቃሉ ነው" አሉና
ኮፍያቸውን ደፉ፤ አውቶቡሱ መጣና።

ሰሌዳው አልጠፋም። ከግርጌው ጥግ ላይ
ቁጥሩን ጨመርሁበት፥ ጎረቤትም እንዲያይ።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፥ በጋሽ ደባልቄ ቆጠራ፥
የጎማ ቤቱ ሚኮላ፥ በእጁ የቅባት አሻራ፥
በሩን ገፍቶ ገባ፤ ሰዓቱን አሳየኝ።
አጭሩ ሦስት ላይ ነው። ቀዳሁ፤ ማን ከለከለኝ?