ልክ

ጥር ነው፣ ታምፔሬ። ቤዙ ከብርድ ገብቷል፤
ክሩ ተኮማትሮ ድምፁ ሽቅብ ወጥቷል።
ሬዮ አይቸኩልም፤ እስኪሞቅ ይጠብቃል።

ጆሮውን ፋብሪካ፣ ሽመናው በልቶበት፣
ከቤዙ አናት ላይ፣ እንደ ልብስ መቆንጠጫ፣
መቃኛ ሰክቷል ዓይኑ እንዲሰማለት።

ወፍራሙን ክር መታ፤ መርፌዋ ወደ ግራ፤
ቁልፉን ጠበቅ፣ ላላ፣ ደግሞ ጠበቅ፤
መሃል ላይ ቆመችና አረንጓዴ በራ።
አራቱም እንዲሁ። ቅንጣት እንከን የለ።

ቱሊኪ ግን መጣች፤
የሟች እናቷን አኮርዲዮን ዘረጋች፤
ከልኩ በፀጉር ከፍ ያለ ትንፋሽ፤
እንዲነካም አትፈቅድ።

ሬዮ ምንም አላለ። መቃኛዋን አጠፋ፤
መንጋጋውን ከእንጨቱ አስደግፎ
ቁልፉን ጥፍር ታህል ወደ ስሕተት ገፋ፤
የሁለቱ ድምፆች ጠብ
ቀስ፣ ቀስ አለና ጠፋ።

«ልክ ነው?» አለች።
አልሰማትም።
ጀመረ።