ሦስተኛው ሲሊንደር

ቂርያት ማላኪ፣ ከብርቱካን ማሸጊያው ጀርባ፣
ጤዛው ከቆርቆሮው ሳይረግፍ፣ ሠራተኛም ሳይገባ፣
ዘቢደር ቆማለች፣ እጇን ከቫኗ ላይ ጥላ፦
«ራሱን ሠራህለት፤ እግሩ ግን ከዳው» ብላ።
«ጠዋት እንደ ጎረምሳ ነው፤ ስቀሰቅሰው ይነሣል፤
ሲሞቅ ግን፣ በኢየሩሳሌም ዳገት፣ ትንፋሹ ያንሳል።»

ሦስት ሳምንት ሆነው ቴስታታውን ካወረድነው፤
እዚህ «ሮሽ» ይሉታል፣ እኔ በጎንደር ስሙ ነው የማውቀው።
ቶርኖ ቤት ሰደን አስልገን፣ ቫልቮቹን አስሞርደን መለስን።
ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በየተራ ያሠረው
ልጄ ነው። ኢታይ።
«አጥብቅ!» ብዬዋለሁ ያን ቀን፤ «ገና ነው፣ አጥብቅ!»
ሌላ ምክር አላውቅም፤ አባቴም ሌላ አያውቅ።

ካንዴላዎቹን ፈታን። ቤንዚኑን ዘጋን።
እሱ ነዳጁን ረግጦ ሞተሩን ሲያዞር፣
እኔ ከማኖሜትሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ስቆጥር፦
መቶ ሰባ።
መቶ ስልሳ አምስት።
ዘጠና።
አራተኛው ደግሞ መቶ ሰባ።

ዘጠና! ሰው ቢሆን ሐኪም ቤት የሚያስተኛ።
ዝም አልን፣ ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ሐሳብ ስንቀኛ፤
እሱ በልቡ «የእኔ ጥፋት» ይላል፣
እኔም በልቤ «የእሱ»።

አንድ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው አንጠባጠብኩ፤
ፋሻው ከሆነ ቁጥሩ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ።
ዘጠና። ዘይቱን ከቁም ነገር አልቆጠረው።
ጋርኒሲዮኑ ቢሆን ራዲያተሩ አረፋ በደፈቀ፣
ጎረቤቱም ሲሊንደር አብሮት በደከመ።
«የቺንጋው ጥርስ ቢዘል» አለ ልጄ ቀስ ብሎ፣
«አራቱም ባነሱ ነበር።»
ልክ ነው። አልመለስኩለትም።
ልክ ሲሆን መመለስ አልለመድኩም።

ፒስተኑን ጫፍ አድርሰን አየር በጎማ ሰደድን።
ሬድዮውን ዘጋሁ። የጎረቤቱን መዶሻ ለመንኩ።
እሱ ጆሮውን ከዘይቱ መክደኛ፣
እኔ ከጭስ ማውጫው፣ በጉልበቴ፣ በአርባ ዓመት ሥራ በደነቆረ ጆሮዬ፦
ስስስስ...
የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያህል።
ሊዘጋ ያቃተው በር አለ ማለት ነው።

ክዳኑን ከፈትን። ስፔሶሬውን፣ ያን ከቅጠል የሳሳ ብረት፣
ከቫልቩ ጫፍ ስር ብገፋው አይገባም፤ የፀጉር ታህል ክፍተት
የለችም።
መቀመጫው ሲሞረድ ቫልቩ ወደ ላይ ወጥቷል፤
ብረት ሲሞቅ ያድጋል፣ ማደጊያ ሲያጣ በሩን ገፍቶ ይከፍታል፣
የታመቀው ሁሉ በዚያች ስንጥቅ ያመልጣል።

ቡሎኖቹ ግን አልላሉም። ጋርኒሲዮኑ ጠብታ አላፈሰሰም።
ያን ቀን ቡሎን ያሠረው እሱ ነው።
ቫልቩን የለካሁት
እኔ ነኝ።

ኢታይ አየኝ። ምንም አላለም።
ቁልፉን ከእጄ ወሰደ፣ ወይም ሰጠሁት፣ አላስታውስም።
«ላላላው?»
«አላላው» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንግዳ ሆኖ ተሰማኝ፣
እንደ አዲስ ጫማ።

ማኖሜትሩን ዳግም ገጠምን። እኔ ነዳጁን ረገጥኩ፣
እሱ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤
እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቁጥሩን በዕብራይስጥ ነገረኝ፣
እኔም በአማርኛ ደገምኩለት፦
መቶ ስልሳ ስምንት።