የጨርቁ ጀርባ

እናቴ ሉባባ
ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ወጥታ እየገባች፣
ጥራት ክፍል ቆማ ጥቅሉን እየፈታች፣
ፊቱን አይታ አታምንም፤ ትገለብጣለች።
«ፊትማ ለገዢ ነው፤
የሠራው ሰው ያለው ከጀርባው ነው» ትላለች።

አሁን ጡረታ ላይ፣ ትንሽ ሱቅ አለችን ከቦርከና ማዶ፤
ፎጣና አንሶላው፣ ሽርጡ፣ ብርድ ልብሱ፣ ተነባብሮ ከብዶ።
ገዢው ስልኩ ውስጥ ነው፤
ቀና ብሎ አያይም፤ በደጃችን ያልፋል አንገቱን አቀርቅሮ።
«እንግባለታ!» አልኩ። ወንድሜ ዋሴ ሳቀ፦
«ስልክ ውስጥ ሱቅ ከፍተሽ፣ በየት በር ሊገባ፣ ማን ሊገዛሽ ኖሮ?»

በሦስት ማታ አወረድኩ ሦስት ዓይነት ሶፍትዌር፤
ሦስቱም ነፃ ናቸው፤ ኮዳቸው ክፍት ነው፤ በር የለው፣ የለው አጥር።

አንደኛው ግዙፍ ነው፣ አዳራሽ የሚያህል፤
ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ፣ ደገምኩ፤
እሱ ገና ያሰላል።
«ማን ይቀልበዋል?» አለች እናቴ። አልተሳሳተችም፤
የሰርቨሩ ኪራይ የሱቁን በለጠ፤
ነፃ ያሉት ነገር ያለ ቀለብ አይኖርም።

ሁለተኛው ቆንጆ፣ ዓይን ይዞ የሚያስቀር፤
ቴሌብር ጨምር ስለው ግን፣ «እሱ ለብቻው ነው፤ ክፈይኝ በዶላር»።
ደረሰኙ ደግሞ፣
«ፎጣ» ብዬ ስጽፍ ሁለት ባዶ ሳጥን፤ «አንሶላ» ስል አራት፤
የልጅነት ሀሁ በሳጥን ሲቀበር ቆሜ አነባሁለት።

ሦስተኛው ድሃ ነው። ገጹም ነጠላ ነው፤ ጌጥ የለው፣ አያበራ፤
ግን ኔትወርክ ሲቆራረጥ፣
ስክሪኑ በተሰነጠቀው በአሮጌው ስልኬ ላይ
እየተንፏቀቀ ይሠራል ሥራ።
«ግዛ እስቲ» አልኩት ዋሴን።
ሁለት ፎጣ መረጠ፣ ዋጋውን አየ፣ አድራሻ ላይ ደርሶ ቆመ።
«የፖስታ መለያ ቁጥር ያስገቡ። ያለ እሱ አይታለፍም»፤
በቀይ።
ዋሴ የጻፈው ግን፦
«ከመናኸሪያው በታች፣ ከወፍጮው አጠገብ፣ ሰማያዊ በር ያለው፤
ውሻ አለ፤ ስትደርሱ ደውሉ።»
ይኸው ነው አድራሻ። ሰፈሬ ቁጥር የለው፤
የሚገኝ እንደሆን፣ ሰው ሰውን ጠይቆ ነው።

ልዘጋው ስል እናቴ፣ መነጽሯን ሰክታ፣
«ጀርባውን አሳዪኝ» አለች፣ ፊቱን ትታ።
ኮዱን ከፈትኩላት።
ፊደሉ ባዕድ ነው፤ ቃሉ አይገባትም፤ ጣቷ ግን ወረደ፣
መስመር በመስመር ላይ፣ በለመደው መንገድ ዳብሶ እየሄደ፤
አንድ ቦታ ቆመ።
«እዚህ ጋ ቋጠሮ አለ። ድሩ ተዛብቷል።»

አየሁት። ስህተት አይደለም።
የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣
ዛሬ ሰባት ዓመት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የጫራት ናት፦
«ደክሞኛል። ይቺን ሌላ ቀን አስተካክላታለሁ።»
ተረጎምኩላት።
ሳቀች። ዝም አለች። ደግሞ ሳቀች።
«የሌሊት ተረኛ ነው፤
እኛም እንዲሁ ነበርን። ክር ሲበጠስብን፣ እንቅልፍ ሲጥለን፣
ቋጥረን እናልፋለን፣
ጠዋት የሚገባው ይፈታታል ብለን።»

ከቋጠሮው ሥር ነበረች ያቺ ቁጥር ጠያቂ ግዴታ፤
አንዲት መስመር ብቻ። ሰረዝኳት። አስቀመጥኩ።
ዋሴ ዳግም ላከ፤ ከነውሻው አለፈ በአንድ አፍታ።

አላለቀም ገና። ገዢ «ቀንሺልኝ» ሲል
የሚከራከርበት ቦታ አላገኘሁም፤
መቶ ሃምሳ ብሎ መቶ ሃያ የማይወርድ ሱቅ፣
እናቴ እንደምትለው፣ ሱቅ ሳይሆን ግድግዳ ነው፤ ሰላምታም አያውቅም።
ነገ አየዋለሁ፤
ነገ ካልሆነም ቋጥሬ አልፋለሁ።

መዝጊያውን ስስበው፣ ከውስጥ ጠራችኝ
መነጽሯን አውልቃ እየወለወለች፦
«ለዚያ ልጅ መልስ ይጻፋል?»
«ይጻፋል።»
«እንግዲያው ጻፊለት፤ ይተኛ በዪው።
የጠዋት ተረኛዋ ገብታለች።»